የካቶሊክ ትምህርት ቤት «ጥብቅ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ሚሲዮን ላስገባው ነው፤ እዚያ ይገሩልኛል።» ክረምት ላይ ምዝገባ ሲደርስ ይህ የማይባልበት ሰፈር የለም። ወዲያው ሌላዋ እናት ትቀበልና «እነሱማ በትንሽ በትልቁ ነው የሚያባርሩት፤ ፀጉሩ አደገ ብለው የእህቴን ልጅ ከበር መልሰውታል» ትላለች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ልጁን ቀጥቅጦ የሚያቃናለት አንጥረኛ ያገኘ ይመስለዋል፤ ሌላዋ ምሕረት የማያውቅ በረኛ ይታያታል።

ከዚያ ወላጅ ተሰልፎ ፎርም ይሞላል። ከፎርሙ ጋር በስቴፕለር ተያይዞ የሚመጣ «የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ» የሚል ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት አለ፤ መጨረሻው ላይ «ከላይ የተጻፈውን አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይላል። ብዙ ወላጅ ሳያነበው ይፈርማል፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እስክሪብቶውም የተዋሰው ነው። ሚያዝያ ላይ ልጁ ሲታገድ ግን ከፋይሉ የሚመዘዘው ያ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የሰፈረው ሐሳብ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ ቀደም ብሎ የገባው ወላጅ፣ ያን ቀን ሲጠራ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

አንድ ትምህርት ቤት ካቶሊክ የሚባለው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስታቋቁመው ወይም ዕውቅና ስትሰጠው ነው። የበላይ ተቆጣጣሪው የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው። የዕለት ሥራውን የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ «ሲስተር»፣ «ብራዘር» ወይም «አባ» እያልን የምንጠራቸው የገዳም ማኅበራት አባላትና ከእነሱ ጋር የሚሠሩ መምህራን ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ነው። የመማሪያ መጽሐፉም የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውም እንደማንኛውም ተማሪ ነው። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርቱ የመንግሥት፣ ልጁ ደግሞ የየቤተሰቡ ነው ማለት ይቻላል። የሥነ ምግባር ደንቡ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ነው የሚያጨቃጭቀው።

የጥብቅነቱ ዝና ከየት መጣ?

ሁለት ሰዎችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ዮሐንስ መጥምቅ ዴ ላ ሳል ነው (እ.ኤ.አ. 1651–1719)። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍን፣ መቂ ደግሞ የመቂ ካቶሊክ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድሩት ብራዘሮች እሱ የመሠረተው ማኅበር አባላት ናቸው። በሱ ዘመን የድሃ ልጆች መምህር ቀኑን ሙሉ ሲጮህና ሲመታ ነበር የሚውለው። ዴ ላ ሳል ዱላን አልሻረም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ያደረገው በአጥር መክበብ ነው። መምህር በንዴት መቅጣት አይችልም፤ ቅጣቱ ለጥፋቱ የሚመጥን፣ በልክ የሆነና በሰከነ መንፈስ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ተማሪውም ጥፋቱ ገብቶት ሊቀበለው ይገባል አለ። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ መምህራኑ በተቻለ መጠን እንዳይናገሩ ማድረጉ። በእጃቸው የሚይዟት ከእንጨት የተሠራች ትንሽ የምልክት መስጫ ነበረቻቸው። «አንብብ»፣ «ድገም»፣ «ተሳስተሃል» የሚባለው በሷ ምልክት ነበር። መምህሩ ዝም ሲል ክፍሉም ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚያስቀጣ ነገር ይቀንሳል። ዛሬ ደወል ሲደወል ተማሪው ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆምባቸውን ትምህርት ቤቶች ያየ ሰው ሐሳቡ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጣሊያናዊው ዶን ቦስኮ ነው (1815–1888)። በቱሪን ከተማ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚፈልሱ ልጆችን ይሰበስብ ነበር፤ እስር ቤትም እየገባ ወጣቶችን ይጎበኝ ነበር። እዚያ ያየው ነገር ሕይወቱን ሙሉ አልለቀቀውም፤ ቀድሞ የሚጠጋቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ እዚያ አይገቡም ነበር የሚል እምነት አደረበት። እ.ኤ.አ. በ1877 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ልጅን የማሳደጊያ መንገዶች ሁለት ናቸው አለ፤ አንዱ ሕጉን ነግሮ አጥፊን አድፍጦ የሚጠብቅ፣ ሌላው አስቀድሞ የሚከላከል። የሱ መንገድ ሁለተኛው ነው፤ ሦስት እግር አለው፦ ምክንያትን ማስረዳት፣ ሃይማኖትና ልጁ ራሱ የሚያውቀው ፍቅር።

ገጠር ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ከብቱ ማሳ ከገባ በኋላ ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ጠዋት ወጥቶ ከከብቱ ጋር አብሮ የሚውል እረኛም አለ። ዶን ቦስኮ መምህሩን እረኛ ነው ያደረገው። መቐለ፣ ዝዋይ ወይም ዲላ በሚገኙት የሳሌዥያን (እሱ የመሠረተው ማኅበር) ተቋማት በእረፍት ሰዓት አንድ አባ ከልጆች ጋር ኳስ ሲያባርሩ ቢያዩ፣ ሥራ ፈትተው አይምሰልዎ። በማኅበሩ አስተሳሰብ ያ የሥነ ሥርዓት ሥራ ነው። የት ጋ ጠብ እንደሚጀመር፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ልጅ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ የሚታወቀው ሜዳ ላይ ነው።

«ዲሲፕሊን» የሚለው ቃልም የመጣው ተማሪ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ በእኛ ደቀ መዝሙር ከምንለው። ከቅጣት ጋር የተጣበቀው በኋላ ነው።

ታዲያ ካልሲና ፀጉር ላይ ለምን ይከራከራሉ?

ዋናው ምክንያት ሀብት ነው። አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ ሁለት ልጆች መካከል የማን አባት ምን እንዳለው አይታይም። ካልሲ፣ ጫማ፣ ሰዓትና የፀጉር አቆራረጥ ያ ልዩነት ሾልኮ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤቶቹም እነሱን ለመድፈን ይሞክራሉ። አንዳንዴ ያበዙታል። ዝርዝሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ የሃይማኖት ልብስና ምልክትን የሚመለከተውን አንቀጽ በተለይ ከመፈረም በፊት ማንበብና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅጣት ለምን ይሰጣል?

የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ አንባቢ ከንስሐ አባቱ ጋር ያለውን ነገር ቢያስታውስ በቶሎ ይገባዋል። ሰው በደሉን ያውቃል፣ ይጸጸታል፣ ይናዘዛል፤ ከዚያ ካህኑ ቀኖና ይሰጡታል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ የቀማውን ይመልሳል። ቀኖናውን ሲፈጽም ነገሩ ይዘጋል። ማንም በሚቀጥለው ዓመት ያን ኃጢአት አያነሣበትም። ይህ ሥርዓት በካቶሊክም አለ፤ ትምህርት ቤቶቹ ስለ ጥፋት የሚያስቡት በዚያ መልክ ነው። አጥፊው ጥፋቱን በራሱ አፍ እንዲናገር፣ የጎዳውን ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ የሰበረውን እንዲጠግን ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላ በንጹሕ እንዲጀምር።

ሌላውን ዓይነት አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ሲወጣ ሞኒተሩ ጠመኔ ያነሣና በሰሌዳው ጥግ «የሚረብሹ» ብሎ ስም ይጽፋል። ከስሙ ጎን ኤክስ ይደረጋል፤ ድጋሚ ከተናገርክ ሌላ ኤክስ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እኔ አንድ ጊዜ አምስት ደርሶብኛል። መምህሩ ተመልሶ ሲመጣ በኤክሱ ቁጥር ልክ ነበር የሚከፈለው። ምን እንዳወራሁ፣ ለምን እንዳወራሁ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እስክሪብቶዬን የወሰደብኝን ልጅ መልስልኝ እያልኩ ነበር። ያ አሠራር ሂሳብ ያወራርዳል፤ ልጁ ግን ከመምታት በፊት መጠየቅ እንደሚገባ የሚማርበት ቦታ የለውም።

እውነቱን ለመናገር ካቶሊክ ነኝ የሚል ትምህርት ቤት ሁሉ የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል ማለት አይደለም። የኤክሱን መንገድ የሚከተል ዩኒት ሊደር (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተል ኃላፊ) የሌለበት ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የወላጅ ጥያቄ ጉልበት የሚኖረው ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ አምኖ ከጻፈው ተነሥቶ ሲጠይቅ ነው።

አንድ ጥፋት ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እንዴት ይታያል?

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እናስብ። ስልክ ክልክል ነው፤ እሱ ግን በቦርሳው ይዞ ገብቷል። የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲጽፉ ከኋላቸው ይቀርጻቸውና ቀልድ ጨምሮበት የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል። ማታውን ሁለት መቶ ሰው አይቶታል።

ጠዋት ነገሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ለክፍል ኃላፊው፣ ተማሪዎች «ሆምሩም» ለሚሉት መምህር ነው። የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት ችግር ሁሉ ሊፈታ በሚችልበት ዝቅተኛው ደረጃ ይፈታ ይላል፤ ጎረቤት በሽምግልና የሚጨርሰውን ለፍርድ ቤት አትውሰድ እንደማለት ነው። ቀላል ጥፋት፣ ማርፈድ፣ የቤት ሥራ አለመሥራት፣ ክፍል ውስጥ ማውራት እዚያው በምክርና በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ በሚጻፍ ማስታወሻ ያልቃል። ይህ ግን የሰውን ክብር የነካ ስለሆነ ወደ ዩኒት ሊደሩ ይወጣል።

ዩኒት ሊደሩ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ለልጁ ባዶ ወረቀት ይሰጠውና «የሆነውን በራስህ እጅ ጻፍ» ይለዋል። ይህች ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። አንደኛ፣ ልጁ ቃሉ ሳይሰማ አልተፈረደበትም። ሁለተኛ፣ ሲጽፍ ያደረገውን ያየዋል፤ «ቪዲዮ ለቀቅኩ» ብሎ የጀመረ ልጅ መሃል ላይ ሲደርስ «ቲቸር ላይ ሳቁባቸው» ብሎ ሲጽፍ ብዕሩ ይቆማል። ቀጥሎ ወላጅ ይጠራል። እዚህ ላይ ወላጅ የሚጠራው ለመወቀስ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት የልጅ የመጀመሪያ አስተማሪ ወላጅ ነው፣ ትምህርት ቤት አጋዥ ነው። የተጠራው ባለቤቱ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ውሳኔ ይመጣል። ቪዲዮውን ማጥፋት፣ መምህሩን ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ፣ በዚያው ግሩፕ ላይ ይቅርታ መጻፍ፣ ስልኩ ለወላጅ እስኪመለስ መያዝ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ምናልባትም የጥቂት ቀን እገዳ። ልጁ ከዚህ በፊትም ማስጠንቀቂያ ካለበት ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው መምህራን ያሉበት ነው፤ በአንዳንድ ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት ተወካይም ይገባል። ዳይሬክተሩ የመጨረሻውን ይወስናሉ።

በዚህ መሰላል የማይወጡ ጥፋቶችም አሉ። ስለት ይዞ መግባት፣ አደንዛዥ ዕፅ መሸጥ፣ ወሲባዊ ጥቃት በምክርና በይቅርታ የሚዘጉ አይደሉም። ሕግ የሚጠይቃቸው ወንጀሎች ናቸው፤ የተጎዳውን ልጅ «ይቅር በለው» ብሎ ዝም ማሰኘት ደግሞ ሌላ በደል ነው።

መምታት ይችላሉ?

አይችሉም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዝዛል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት መንግሥት ይሁን፣ ነጋዴ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ልዩነት የለውም። ወላጅ «እኔ ፈቅጃለሁ፣ ግረፉልኝ» ቢልም የልጁ መብት ነውና ወላጅ ሊሸጠው አይችልም። ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል የነበረ ወላጅ ልጅ ለሆንን ሰዎች ይህን መቀበል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ይህ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በከባድ ዋጋ የተማረችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአየርላንድ የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት፣ በካቶሊክ ማኅበራት ይተዳደሩ በነበሩ ለድሃና ለወላጅ አልባ ልጆች የተቋቋሙ አዳሪ ተቋማት ውስጥ ድብደባ የየዕለቱ ኑሮ እንደነበረ ዘርዝሮ አወጣ፤ ወሲባዊ ጥቃትም እንዲሁ። በካናዳ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለተፈጸመው ነገር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 እዚያው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬ ከልጅ ጋር ሲነጋገሩ በር ክፍት ይሁን፣ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ይመደብ የሚሉ ደንቦች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅዎ በሚማርበት ቤት አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ በስም መጠየቅ መዳፈር አይደለም።

ልጄ ካቶሊክ አይደለም፤ ቅዳሴ ይገደዳል? የተናዘዘውስ ለዳይሬክተሩ ይደርሳል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕግ ማንንም ሰው አስገድዶ ካቶሊክ ማድረግን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት አለው ይላል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በሰልፍ ሰዓት የሚደረግ አጭር ምክርና ዝምታ አንድ ነገር ነው፤ የሥርዓተ አምልኮ ግዴታ ሌላ ነው። አገራችን በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ኢየሱሳውያንን (ጀስዊት የሚባሉትን የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ጠርተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲያስረክቧቸው፣ የመጡት ሃይማኖት ላይሰብኩና የካህን ልብስ ላይለብሱ ተስማምተው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለከተው ካቶሊክ ልጆችን ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉም ወላጅ ትምህርት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት የካቶሊክ ሕጎች ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖናና በ1990 የወጣው የግእዝ ሥርዓት ተከታዮችን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚተዳደሩበት። ሁለቱም በዚህ ይስማማሉ፤ ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለማንም መንገር አይችልም፣ ኃላፊነት ላይ ያለ ሰውም በኑዛዜ ባወቀው ነገር ተነሥቶ ማስተዳደር አይችልም። የምሥራቁ ሕግ ይጨምርና የትምህርት ተቋም ኃላፊዎች በተለምዶ ተማሪዎቻቸውን እንዳያናዝዙ ያዛል። አናዛዡና ቀጪው አንድ ሰው ከሆነ ልጁ ለነፍሱ እውነቱን አይናገርም፤ ለቢሮውም የሚናገረው በፍርሃት ይሆናል። ይህ ድንበር በሌላም ትምህርት ቤት ቢለመድ ደስ ይለኛል። ልጅ ለአማካሪው ያዋየው ችግር በማግስቱ በመምህራን ክፍል ሲወራ የሰማ ሰው ለምን እንደምለው ያውቃል።

አሜሪካ ያላችሁስ?

ልጆቻቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን እዚያም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕግ እዚያም የሚሠራ ይመስላቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ጎስ እና ሎፔዝ በተከራከሩበት መዝገብ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ለአጭር ጊዜ እንኳ ሲያግድ ምን እንዳጠፋ ነግሮ ቃሉን መስማት አለበት ብሏል። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የግል ስለሆነ ይህ ውሳኔ አያስገድደውም። እዚያ የልጁ መብት በአብዛኛው የሚወሰነው ሀንድቡክ በሚባለው የፈረማችሁበት ደንብ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም ብዙ ጊዜ እንደ ውል ያዩታል። የብዙዎቹ ሀንድቡክ የወላጅን ባሕርይ የሚመለከት አንቀጽም አለው፤ ወላጅ መምህር ላይ ጮኾ ቢሳደብ ልጁ ሊሸኝ ይችላል። እዚህ አገር ቤት «ወላጅ ተቆጥቶ ነው» ተብሎ የሚታለፈው እዚያ አይታለፍም።

ልጅ ሊባረር ሲል ወላጅ ምን ይጠይቅ?

መጀመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጁ ራሱ የጻፈውን ቃል ይመልከቱ፤ ከሌለ፣ ለምን እንዳልተሰማ ይጠይቁ። ቀደም ሲል የተሰጡት ማስጠንቀቂያዎች ለእርስዎ ደርሰው ከሆነ ፊርማዎ ይኖራል። ይግባኝ ለማን እንደሚባል ይወቁ፤ ከዳይሬክተሩ በላይ ማኅበሩና የሀገረ ስብከቱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት አሉ፣ በመንግሥት በኩል ደግሞ የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ዓመቱን እዚያው ጨርሶ በሰኔ እንዲወጣ መለመንም የተለመደ ነው፤ ብዙ ዳይሬክተሮች በተለይ ፈተና ከቀረበ እሺ ይላሉ። መሸኛውን ሲቀበሉ ጠባይ የሚለው መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ እዚያው ቆመው ያንብቡ። ልጁ በሚቀጥለው ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም ቀድሞት የሚገባው ያ አንድ ቃል ነው፤ የልጁን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የማይገልጽ ከሆነ ካጥሩ ሳይወጡ ይጠይቁ።